ሰደባት፣ ቀለደባት ወይስ ስሟን አጠፋ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ማረፊያ እንግዳ መቀበያ ላይ ነው የምሠራው። በቅርቡ አንዲት የውጭ አገር እንግዳ በጀልባ ወደ ክብራን ገብርኤል ሄደች። ሴት እንደማይገባ የነገራት አልነበረም። እዚያ ስትደርስ «አንቺ እዚሁ ጠብቂ» ተባለች። ጀልባ ነጂው ደግሞ ለጓደኛው «ይቺ ደግሞ ምን ያንጣጣታል!» ብሎ ሳቀ። አስጎብኚው ተርጉሞ ነገራት። ተቆጥታ መጥታ «ሰደበኝ» ብላ አመለከተች። ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ መጻፍ ነበረብኝ። መዝገበ ቃላት ብገልጥ ኢንሰልትም፣ አቢዩዝም፣ ኦፌንድም ያው «ሰደበ» ነው የሚሉት። ጠንከር ያለ ስለመሰለኝ አቢዩዝ ብዬ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ ደንግጦ «እንዴ፣ ነካት?» አለኝ። ልጁም ነገሩ እስኪጣራ ሥራ እንዳይመጣ ተባለ። የእነዚህ ቃላት ልዩነት ምንድን ነው? በዚያው ልጠይቅዎት፣ እኅቴን ፌስቡክ ላይ ስሟን እያጠፉት ነው። ይኼ ስላንደር ነው ወይስ ላይብል?

ምላሽ፦ እኅቴ፣ ከቃላቱ በፊት ስለ ልጁ ልናገር። ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ ለሥራ አስኪያጁ ሌላ ወረቀት ጻፊ። ለነገ አትበይ። በአንዲት ቃል ምክንያት ሰው ከእንጀራው ተነሥቶ ቤቱ ቁጭ ብሏል። ምን ብለሽ እንደምትጽፊ ወረድ ብዬ አሳይሻለሁ።

ሥራ አስኪያጁ «ነካት?» ብሎ መጠየቁ ትክክል ነው። እኔም በቦታው ብሆን የምጠይቀው ያንኑ ነው። አቢዩዝ ግስ ሆኖ ሲመጣና ተቀባዩ ሰው ሲሆን፣ እንግሊዝኛ የለመደ አንባቢ ቀድሞ የሚያስበው ስድብን አይደለም። ድብደባን ነው፣ ወሲባዊ ጥቃትን ነው፣ ሕፃን ማሠቃየትን ነው። የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ አላግባብ መጠቀም ማለት ነው። ሥልጣንን አላግባብ መጠቀምም በዚሁ ቃል ይጠራል። ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት ወይም ሥልጣን ያለው ሰው በሌለው ላይ የሚያደርሰው ጥቃት ነው። ባል በሚስቱ፣ አሠሪ በሠራተኛው፣ አሳዳጊ በልጁ።

ታዲያ መዝገበ ቃላቱ ዋሸ? አልዋሸም። ያው ቃል ስም ሆኖ «ጮኸ» ወይም «ወረወረ» ከሚሉ ግሶች ጋር ሲመጣ በእርግጥ ስድብ ነው። የስድብ መዓት አወረደበት ማለት ነው። አንድ ቃል ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አይደለም፤ ውርጅብኝ ነው። ቨርባል አቢዩዝ የሚሉትም አለ። እሱም ቢሆን የአንድ ቀን የአፍ ወለምታ አይደለም። ቀን ከቀን እየተዘለፉ፣ እየተዋረዱ፣ እየተጮኸባቸው ለሚኖሩ ሰዎች የሚውል ቃል ነው። ጀልባ ነጂሽ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላደረገም።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው አንቺ እንዳደረግሽው ቃሉን በክብደቱ ሲመርጥ ነው። «የቱ ይጠነክራል?» ብሎ ይጠይቃል። መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው። የተነካው ምኑ ነው? ስሜቱ ነው? ክብሩ ነው? በሰው ዘንድ ያለው ስሙ ነው? ወይስ የተነካው እሱ ብቻ ሳይሆን ወገኑ ሁሉ ነው? ይህን ከመለስሽ እንግሊዝኛው ቃል ራሱ ይመጣል። ዓሣ ገበያ ሄዶ «ዓሣ ስጡኝ» የሚል የባሕር ዳር ሰው የለም። አምባዛ ነው ቆሮሶ፣ ለይቶ ነው የሚጠይቀው። በቃላቱም እንዲሁ መለየት ይገባል።

የእንግዳሽን ጉዳይ እንየው። በዚያች ጀልባ ላይ የሆኑት ነገሮች ሁለት ናቸው፤ አንቺ ግን አንድ አድርገሽ ነው የጻፍሻቸው።

የመጀመሪያው፣ ደሴቱ ላይ አትወርጂም መባሏ ነው። ክብራን ገብርኤል የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አይገባበትም። ሥርዓቱ የቆየ ነው፣ እሷን ለማሳነስ የወጣ አይደለም። አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ቢወስዷት ኖሮ ገብታ ታይ ነበር። እሷ ግን ይህን አታውቅም። ከፍላ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ፣ ወንዶቹ ሲወርዱ እሷ ቀረች። ከፋት። ለዚህ እንግሊዝኛው ኦፌንድ የሚል ቃል አለው። ኦፌንድ የሚለካው በተናጋሪው ሐሳብ አይደለም፤ በተቀባዩ ስሜት ነው። ማንም ምንም ሳያስብ ሰው ኦፌንድድ ሊሆን ይችላል። እኛ «ቅር አለው»፣ «ከፋው»፣ «ተቀየመ» የምንለው ነው። ኖ ኦፌንስ የሚሉትም የእኛው «አይክፋህና» ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ በተለይ ለአንቺ ሥራ። ኦፌንስ የሚለው ስም በሕግና በቢሮ ጽሑፍ ወንጀል ወይም ጥፋት ማለት ነው። ኦፌንደር ብለሽ ከጻፍሽ ቅር ያሰኘ ሰው ማለት አይደለም፤ ሕግ የተላለፈ፣ ጥፋተኛ ማለት ነው። አንዳንድ ሪፖርት ላይ «ኦፌንደሩ ጀልባ ነጂ» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። ልጁ ሳይጠየቅ ተፈረደበት ማለት ነው።

ሁለተኛው «ይቺ ደግሞ ምን ያንጣጣታል!» የሚለው ነው። ይህ ኢንሰልት ነው? ኢንሰልት ሐሳብ ይፈልጋል። አንድ ሰው የሌላውን ክብር ዝቅ ለማድረግ ብሎ የተናገረው ወይም ያደረገው ነገር ነው። ቃል ብቻም አይደለም። የተዘረጋልሽን እጅ አለመጨበጥ ኢንሰልት ሊሆን ይችላል። ብዙ የለፉበትን ነገር በማይረባ ዋጋ መጠየቅም እንዲሁ፤ እኛም እኮ «ይኼ ዋጋ ስድብ ነው» እንላለን። ልጁ ግን ለእሷ አልተናገረም፤ ስለ እሷ ነው የተናገረው። እሷ በማትሰማው ቋንቋ፣ ለጓደኛው። የሚሰማ ሰው አጠገቧ መኖሩን ግን ያውቃል። ስለዚህ ሥነ ሥርዓት የጎደለው ንግግር ነው፤ ሆን ተብሎ በፊቷ የተወረወረ ስድብ ግን አይደለም። እንግሊዝኛው ለዚህ ሩድ የሚል ጥሩ ቃል አለው። ሳቁም ቢሆን መነገር አለበት። አብሯት አልሳቀም፣ ሳቀባት።

ስለዚህ አዲሱ ወረቀትሽ ላይ እንዲህ በይ። አቢዩዝ የሚለውን ቃል በስሕተት መጠቀምሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጪ። ምንም ዓይነት አካላዊ ንክኪ ወይም ማስፈራሪያ እንዳልነበረ ጻፊ፤ ይህ ለልጁ ከሁሉ በላይ አስፈላጊው ነው። ቀጥለሽ ልጁ ያለውን በአማርኛው እንዳለ አስቀምጪ፣ ትርጉሙን ከጎኑ አድርጊ። ማን እንደሰማ፣ ማን እንደተረጎመላት ጨምሪ። እንግዳዋ እንደከፋት፣ የከፋትም ስለ ገዳሙ ሥርዓት ቀድሞ ስላልተነገራትና ስለተሳቀባት መሆኑን ጻፊ። ለልጁ ድርጊት ግስ ካስፈለገሽ «ሜድ ኤ ሩድ ሪማርክ» ይበቃል። ያልተገባ አስተያየት ሰጠ፣ በቃ።

እኔ ትርጉም ሳስተምር ተማሪዎቼን ደጋግሜ የምለው ይህንኑ ነው። ፍርድ ቤት የሚቆም አስተርጓሚ «ሰደበው» ብሎ አይተረጉምም። የተባለውን ይተረጉማል፤ ስድብ ነው አይደለም የሚለው የዳኛው ነው። «ሰደበ»፣ «አዋረደ»፣ «ስም አጠፋ» የሚሉት ግሶች ሁሉ ፍርድ ናቸው። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለች ሴት ለምን የዳኛ ሸክም ትሸከማለች? የተባለውን ጻፊ፤ የሚያነበው ይፍረድ።

ስለ ክብራን ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ከቋንቋው ወጣ ቢልም። ሴት እንግዳ ጀልባ ስታስይዝ የትኛው ገዳም ሴት እንደሚገባበት እዚያው ጠረጴዛሽ ላይ ንገሪያት። ያን ቀን ይህ ተነግሯት ቢሆን ኖሮ ሪፖርትም አይኖርም ነበር።

ወደ ሌሎቹ ቃላት ልሂድ። ሰው በብዛት የሚደናገርባቸው ስዌርና ከርስ ናቸው። ስዌር ሁለት ነገር ነው፦ መማልም ነው፣ ብልግና መናገርም ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግርሽ ተከትላው የምትመጣዋ ትንሿ ቃል ናት። ስዌር ቱ ከሆነ ማለልኝ ነው። ስዌር አት ከሆነ የብልግና ቃል ወረወረብኝ ነው። ይህችን አት የምትባለውን ቃል ልብ በያት። ቃሉን ወደ ሰው የምታነጣጥረው እሷ ናት። ላፍ አት ሳቀብኝ ነው፣ ሻውት አት ጮኸብኝ ነው። የእኛ «‑ብኝ» የምትሠራውን ሥራ ነው የምትሠራው።

ከርስም እንዲሁ ነው። ከአት ጋር ሲሆን የብልግና ቃል ተናገረኝ ነው። ያለ አት «ከርስድ ሂም» ሲባል ግን ረገመችው ሊሆን ይችላል። በእኛ አካባቢ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። እናት ልጇን ስትሰድብ ማታ ይታረቃሉ። ከረገመችው ግን ሽማግሌ ተልኮ፣ ልጁ ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ላይ ወድቆ፣ እርግማኑ እስኪነሣ ድረስ ቤተሰቡ ሁሉ እንቅልፍ የለውም። እርግማን ስድብ አይደለም፤ በእግዚአብሔር ፊት የተነገረ ቃል ነው። «እናቱ ረገመችው» የሚለውን ስዌር ወይም ኢንሰልት ብለሽ ከተረጎምሽ ነገሩን ገደልሽው።

የብልግና ቃል ሁሉ ደግሞ ስድብ አይደለም። እንግሊዝኛ ይህን አጥብቆ ይለያል። ጥቂት እንግዶች ጢስ ዓባይ ክረምት ሞልቶ ሲወርድ ሲያዩ በአድናቆት ያችን የታወቀች ነውረኛ ቃላቸውን ይላሉ። አጠገባቸው ያለ አስጎብኚ ፊቱ ይለዋወጣል። ማንንም አልሰደቡም። ጣቱን በር የቆረጠው ሰው እንደሚጮኸው ነው። ይህ ፕሮፋኒቲ ይባላል፤ ነውረኛ ቃል ማለት ነው፣ ተቀባይ የለውም። ኢንሰልት ግን ሁልጊዜ ተቀባይ አለው፤ አንዲት ነውረኛ ቃል ሳይኖርበትም አጥንት ድረስ ሊዘልቅ ይችላል።

የቀልድና የፌዝ ቃላት ላይ እኛ ከእንግሊዝኛ አናንስም፤ እንዲያውም እንበልጣለን። ተረብ አለን፣ ፎገራ አለን፣ ነቆራ፣ ሹፈት፣ ሙድ መያዝ፣ ሽሙጥ፣ አግቦ። ችግሩ ስንተረጉም ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተታችን ነው።

ቲዝ በሚዋደዱ ሰዎች መካከል ያለ ቀልድ ነው፤ ፎገራ ነው። ሁለቱም እየተወራወሩ ከሆነ ባንተር ይባላል፤ መተራረብ ማለት ነው። የተተረበው ሰው አብሮ እስከሳቀ ድረስ ክፋት የለውም። ሞክ ሲሆን ሳቁ የአንድ ወገን ነው። አነጋገሩን፣ አረማመዱን እያስመሰሉ ማሾፍ፣ ሙድ መያዝ። ሪዲክዩል ከዚህ ይሰፋል፤ በሰው ፊት መሳለቂያ ማድረግ ነው፣ ሐሳብንም ሰውንም ይመለከታል። ቶንት ደግሞ የተለየ ነው። ቶንት የሚያደርግ ሰው መልስ ይፈልጋል፣ እንዲናደዱለት ይፈልጋል። ባሕር ዳር ከነማና ፋሲል ከነማ በጣና ደርቢ ሲገናኙ፣ ያሸነፈው ደጋፊ የተሸነፈውን እንዴት እንደሚያበሽቀው ታውቂያለሽ። ብሽሽቁ ቶንት ነው። አላማው ማዋረድ ብቻ አይደለም፤ ማቃጠል ነው።

ሽሙጥ ሳርካዝም ነው። ብርጭቆ የሰበረውን ልጅ «ጎበዝ! የቀረውንም ድገመው» ማለት። የግሪክ ሥሩ ሥጋ መቦጨቅ ማለት ነው፤ ለሽሙጥ የሚመጥን ነው። አግቦ ግን ሳርካዝም አይደለም። አማት ጓዳ ገብታ ዶሮዋን «አንቺ ሥራ ፈት፣ ስትዞሪ ትውያለሽ!» እያለች ስትቆጣ ሳሎን ያለችው ምራት ፊቷ ይቀላል። ለዶሮዋ የተባለ አንድም ቃል የለም። ይህን ለእንግሊዝኛ አንባቢ ስትጽፊ ኢንዩኤንዶ የሚለው ይቀርባል፤ ግን የአማቷን ቃል ብቻ ከተረጎምሽ ነገሩ ዶሮ ሆኖ ይቀራል። ሰሙንም ወርቁንም ጻፊ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ሰዉ ከተባለው ይልቅ ያልተባለውን ነው የሚሰማው። ቅያሜውም ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው የሚነሣው።

አንድ ቦታ ላይ ግን እንዳትለሰልሺ አጥብቄ እለምንሻለሁ። ሐይቁ ዳር በእግር መንገዱ ላይ ሴት ልጅ ስታልፍ ወንዶች የሚሉትን ሁሉ እኛ ለከፋ እንለዋለን። አንዳንዱ ይህን ቲዝ ብሎ ይተረጉማል። ቲዝ አይደለም። የተለከፈችው ልጅ አልሳቀችም፣ ጓደኛቸውም አይደለችም፣ መንገዷንም ልትቀይር ትችላለች። ለከፋ ሃራስመንት ነው። አንድ ጊዜ ከርቀት የተወረወረ ከሆነ ካትኮል ይባላል። እንግዳም ሆነች የከተማችን ልጅ፣ ስታመለክት ቲዝ ብለሽ ከጻፍሽ አቤቱታዋን ቀልድ አደረግሽባት። አቢዩዝ ጀልባ ነጂውን እንደጎዳው ሁሉ፣ ቲዝ ደግሞ እሷን ይጎዳታል።

ስለር የሚባል ቃልም አለ። ብዙ ሰው ጠንካራ ስድብ ይመስለዋል። ስለር የሰውየውን ጠባይ አይነካም፤ ወገኑን ነው የሚነካው። ብሔሩን፣ ሃይማኖቱን፣ የቆዳ ቀለሙን፣ አካል ጉዳቱን የሚያንቋሽሽ ስም ነው። በለስላሳ ድምፅ ቢነገርም ስለር ነው። አንድ ሰው ቢጠራበትም የሚዋረዱት ብዙዎች ናቸው። በአገራችን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የጥላቻ ንግግርን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1185 አለ። እሱ ግን አንዲትን ስድብ ብቻ ይዞ አይነሣም። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ለይቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግርን ነው የሚመለከተው። ስለዚህ ስለርና ሄት ስፒች ጎረቤት ናቸው፣ አንድ አይደሉም።

እንግዶች በተደጋጋሚ የሚያነሡት ነገር አለ። ዘጌ ላይ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲወጡ ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ይሉባቸዋል። አንዳንዱ «ስለር ጮኹብን» ብሎ ያመለክታል። ተረጋግተሽ አስረጂያቸው። ፈረንጅ ነጭ የውጭ ሰው ማለት ነው፤ ንቀት የለበትም። ጩኸቱ ሊያታክታቸው ይችላል፣ እሱን ይቅርታ ጠይቂ። ቃሉን ግን ያልሆነውን እንዳታደርጊው።

አሁን ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ሊሻገር ወደማይችለው ስድባችን። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ባጃጅ ስትጠብቂ እንዲህ ያለ ነገር ሳታዪ አትቀሪም። አንድ ነጠላ ያጣፉ አዛውንት ዋጋ ይጠይቃሉ። ወጣቱ ሹፌር ፊቱን ሳያዞር «አንተ፣ ትገባለህ አትገባም?» ይላል። አዛውንቱ ከዘራቸውን ተክለው ይቆማሉ። «ማንን ነው አንተ የምትለው?» ዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ በሹፌሩ ላይ ይነሣል። ውስጥ የተቀመጠች ሴት «ባለጌ! አባትህ ናቸው እኮ!» ትላለች።

ይህን በእንግሊዝኛ ተርጉሚው እስቲ። «ዩ፣ አር ዩ ጌቲንግ ኢን?» ብቻ ነው የሚሆነው። የእንግሊዝኛ አንባቢ «ታዲያ ምን አለበት?» ይላል። ስድቡ የትም የለም፤ ያለው «እርስዎ» መባል በነበረበት ቦታ «አንተ» በመባሉ ላይ ነው። ወንድን «አንቺ» ማለትም እንዲሁ ነው፣ ሴት አድርጎ ሊያሳንሰው። እንዲህ ሲያጋጥምሽ ኢንሰልት ብቻ ብለሽ አትለፊ። ለአዛውንት የሚገባውን የአክብሮት አጠራር እንደነፈገው በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረጂ። ግሱን ዲስሪስፔክት አድርጊው፤ ክብር መንፈግ ማለት ነው። ለእኛ ሽማግሌ ከነውረኛው ቃል ይልቅ ይህ ይብሳል።

የእኅትሽ ጉዳይ ላይ ስደርስ፣ ፌስቡክ ላይ በጽሑፍ ስለሆነ በእንግሊዝኛ አነጋገር ላይብል ነው። ስላንደር በአፍ የተነገረ ነው፤ ላይብል የተጻፈ፣ የታተመ ወይም ሌላ ቋሚ መልክ ያለው ነው። ሁለቱም ዲፋሜሽን በሚባል አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ይህ ልዩነት የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ ልዩነት ነው። እዚያው አጠገባቸው ያሉት ስኮትላንዶች እንኳ አይለዩትም። ላይብል የመጣው ትንሽ መጽሐፍ ከሚል የላቲን ቃል ነው፣ ለዚህ ነው ከጽሑፍ ጋር የተጣበቀው። ስላንደር ደግሞ ከስካንዳል ጋር አንድ ሥር አለው።

ግን ጉዳዩ የእኛ አገር ስለሆነ የእንግሊዞቹ ክፍፍል አይጠቅምሽም። የእኛ የ1996 የወንጀል ሕግ በአፍ ነው በጽሑፍ ብሎ ሳይሆን በሌላ መንገድ ነው የሚከፍለው። አንቀጽ 613 ስም ማጥፋትንና የሐሰት ሐሜትን ይዟል። አንቀጽ 615 ስድብንና ማዋረድን። እኅትሽን «ሌባ! ባለጌ!» ብለው ከጻፉባት ያ ወደ ስድብ ያደላል፤ የተለየ ድርጊት አልተነገረባትም። «ከዕቁቡ ገንዘብ ወስዳ ጠፋች» ብለው ለሌላ ሰው ከተናገሩ ግን ስም ማጥፋት ነው፤ አንድ የተወሰነ ነገር አድርጋለች ተብሏል፣ ሦስተኛ ወገንም ሰምቷል። ሐሰት መሆኑን እያወቁ ከሆነ ደግሞ የሐሰት ሐሜት ይሆናል፣ ቅጣቱም ይከብዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በእንግሊዝ ሕግ የተነገረው እውነት ከሆነ ተከሳሹ ነፃ ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ2013ቱ የዲፋሜሽን ሕጋቸው እውነትን ሙሉ መከላከያ ያደርገዋል። በእኛ አንቀጽ 613 ግን እውነት የሆነ ነገርም ቢሆን የሰውን ክብር ወይም ስም ለመጉዳት ታስቦ ለሦስተኛ ወገን ከተነገረ ሊያስጠይቅ ይችላል። ሕዝብ እንዲያውቀው ሲባል የሚነገርን የመሳሰሉ ልዩ ሁኔታዎች አሉት። ስለዚህ «እውነት እኮ ነው» ማለት ሁልጊዜ አያድንም። ሰነዱ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ስም ማጥፋትን ዲፋሜሽን፣ የሐሰት ሐሜትን ካለምኒ፣ ስድብን ኢንሰልት አድርጊ። ሐሜት ብቻውን ከሆነ ጎሲፕ ነው፤ ወንጀል አታድርጊው።

ለፌስቡክ ድርጅት ስታመለክቱ ግን ላይብል ብላችሁ አትሟገቱ። እነሱ የራሳቸውን ደንብ ነው የሚያዩት፤ ደጋግሞ ማስጨነቅ ከሆነ ቡሊንግና ሃራስመንት በሚለው ሥር አመልክቱ። ከማመልከታችሁ በፊት ጽሑፎቹን ሁሉ፣ ቀኑና የለጠፈው ሰው ገጽ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሹት አንሡ፤ ከተሰረዘ በኋላ አይገኝም። ስም ማጥፋትና ስድብ ተበዳዩ ካላመለከተ በቀር የማያስከስሱ ወንጀሎች ናቸው። የማመልከቻው ጊዜ ደግሞ አጭር ነው። እኅትሽ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ብቻ ነው ያላት። ቀኑን ቁጠሩና ሳይረፍድ ወደ ጠበቃ ሂዱ።